የወጣቶች ፓስተር፦ ሥራውና ቤቱ

በከተሞቻችን በሚገኙ አብዛኞቹ የወንጌላውያን አጥቢያዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የወጣቶች ነው። ከ8 ሰዓት ጀምሮ ኪቦርዱ ይገጠማል፣ ማይኩ ይሞከራል፣ ወንበሩ ይደረደራል። ዝማሬው፣ ስብከቱና ማስታወቂያው አልቆ ልጆቹ በር ላይ ሲሳሳቁ ከመካከላቸው አንዱን ወደ ጎን ወስዶ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚያነጋግር ሰው አይጠፋም። የወጣቶች ፓስተር እሱ ነው። ምእመኑ የሚያውቀው መድረክ ላይ ሲቆም ነው፤ ትልቁ ሥራው ግን ይህ የጎን ወሬ ነው። ወሬው ቅዳሜ ተጀምሮ ሳምንቱን ሙሉ በስልክ፣ በታክሲ ውስጥ፣ በሰው ሳሎንና በሆስፒታል ኮሪደር ይቀጥላል። ከዚያም አልፎ ቤቱ ድረስ ይገባል።

ማን ነው?

አንድን አጥቢያ የሚመሩት ሽማግሌዎችና መሪው ፓስተር ናቸው። አገልግሎቱ የልጆች፣ የታዳጊዎች፣ የወጣቶች፣ የሴቶች፣ የመዘምራን እየተባለ በዘርፍ ይከፈላል። የወጣቶች ፓስተር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከገቡት አንሥቶ ትዳር እስከሚይዙት ድረስ ያሉትን ያስተምራል፣ ይመክራል፣ ለአገልግሎት ያዘጋጃል። ስያሜው እንደየቤተ እምነቱ ነው፤ አንዱ ጋ የወጣቶች መጋቢ፣ ሌላው ጋ የወጣቶች አስተባባሪ ወይም የወጣቶች አገልጋይ ይባላል።

አቅም ያላቸው የከተማ አጥቢያዎች የሙሉ ጊዜ አገልጋይ አድርገው ደመወዝ ይከፍሉታል። ሌላ ቦታ ደግሞ ቀን መምህር ወይም የባንክ ሠራተኛ ሆኖ ውሎ ማታውንና ቅዳሜውን ለአገልግሎት የሚሰጥ ሰው ነው። ገጠር ሲኬድ ወንጌላዊው ራሱ ሰባኪም፣ አጽናኝም፣ የወጣቶች መሪም ይሆናል።

አንዳንዱ በአዲስ አበባ በመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ወይም ቢሾፍቱ በሚገኘው የመሠረተ ክርስቶስ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ተምሮ ይመጣል። ብዙው ግን እዚያው ያደገ ነው። በኳየር ዘምሯል፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን መርቷል፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባም በወንጌላውያን ተማሪዎች ማኅበር (ኢቫሱ) ሥር ባለው የግቢው ኅብረት አገልግሏል። ለዚህ ነው ልጆቹ «ፓስተር» እያሉ «አንተ» የሚሉት። ትናንት አብሯቸው ወንበር ሲደረድር ያውቁታል።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወጣቱ በሰንበት ትምህርት ቤት፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ በግቢ ጉባኤ ይታቀፋል። አደረጃጀቱ ቢለያይም ጭንቀቱ አንድ ነው፤ የወላጁን እጅ ይዞ የመጣ ልጅ እምነቱን የራሱ አድርጎ እንዲቀጥል ማን አጠገቡ ይቁም?

ወጣቶች የጀመሩት አገልግሎት

በአገራችን ይህ አገልግሎት የኋላ ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ፣ ዛሬ አዳማ በምንላት በናዝሬት፣ ከሜኖናይት ሚስዮናውያን ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ያጠኑ የነበሩ ተማሪዎች «ሰማይ ብርሃን» የተባለ ኅብረት መሠረቱ። በ1959 ዓ.ም. የተቋቋመችው የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያንም ጀማሪዎቿ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። መንግሥት ዕውቅና ከለከላት፤ በነሐሴ 1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ለአምልኮ እንደተሰበሰቡ 250 ያህል አማኞች ታሰሩ።

በደርግ ዘመን የባሰው መጣ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. ስትዘጋ ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿ ለዓመታት ታሰሩ። ምእመናኑ በየቤቱ በትናንሽ ቡድን ተከፋፍለው በድብቅ መጸለይና መማር ቀጠሉ። በሯ ሲዘጋ 5,000 ያህል አባላት ነበሯት፤ ደርግ ወድቆ በግልጽ መሰብሰብ ሲቻል 34,000 ገደማ ሆነው ተገኙ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶም በዚያ ዘመን በወጣትነቱ ሰባት ዓመት ታስሯል።

«ወጣት የነገዋ ቤተ ክርስቲያን ነው» የሚለው አባባል ከዚህ ታሪክ ጋር አይገጥምም። እኛ አገር ወጣቱ በዚያው ዘመን ራሱ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ እስር ቤት ገብቷል፣ ሰብኳል፣ ዘምሯል። የወጣቶች ፓስተር አደራም ከዚህ ይመነጫል። በእጁ ያሉትን ልጆች ዛሬውኑ እንደሚታመኑ ሰዎች አድርጎ ማሳደግ ይጠበቅበታል።

ሳምንቱ ሲታይ

በወረቀት ላይ ያለው ፕሮግራም ቀላል ነው። አንድ ቀን የኮሚቴ ስብሰባ፣ አንድ ማታ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፣ በመካከሉ የኳየር ልምምድ፣ አልፎ አልፎ ዓርብ የአዳር ጸሎት፣ ከዚያ ቅዳሜ። እሑድ ደግሞ የጥምቀት ትምህርት ወይም የደቀ መዝሙር ክፍል ይኖረዋል። ወረቀቱ ላይ የማይጻፈው ይበዛል። መዘምራን በአንድ ሶሎ ምክንያት ተኳርፈዋል። አንዱ አባቱ አርፎበት ለቅሶ ቤት መዋል ያስፈልጋል። ሌላዋ ቤት ውስጥ የሚደርስባትን በቴሌግራም ጽፋ፣ መልሳ አጥፍታዋለች። ከተመረቀ ወዲህ ሥራ ያላገኘ ልጅ የቀረችውን ብር በስፖርት ውርርድ ሲያስይዝ ታይቷል።

ከዓመቱ ቀኖች ሁሉ ከባዱ የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅበት ሰሞን ነው። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተን በጀመሩበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። በእነዚያ ዓመታት በአንድ አጥቢያ 40 ልጅ ተፈትኖ ከሆነ ያለፈው አንድ ወይም ሁለት ነበር ማለት ነው። የተቀሩት ቤታቸው ገብተው ስልካቸውን ያጠፋሉ።

ሥራውን የሚያውቅ አገልጋይ በዚያ ሰሞን በየቤቱ ይዞራል። እናት ቡና ታቀርባለች፤ ልጁ ከመኝታ ቤት አልወጣም ይላል። ፓስተሩ ይቀመጣል፤ ስለ ኳሱ፣ ስለ ሠፈሩ፣ ስለ ታናሽ እህቱ ይጫወታል። ልጁ ወጥቶ አጠገቡ ሲቀመጥ እንኳ ስለ ውጤት የሚያነሣው ራሱ ልጁ እንዲሆን ይጠብቃል። «ጌታ በር ይከፍታል» ብሎ ጸልዮ መውጣት አይከብድም፤ ጸሎቱም ያስፈልጋል። ልጁ ግን ሰኞ ጠዋት የት እንደሚሄድ ማወቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ፓስተሩ የሪሚዲያል (የአቅም ማሻሻያ ትምህርት) መግቢያ ነጥብ ስንት እንደሆነ፣ የትኛው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ምን እንደሚያስተምር፣ ከምእመናኑ መካከል ጋራዥ ወይም የልብስ ስፌት ቤት ያለው ማን እንደሆነ ያውቃል። የልጁ ዝምታ ሲረዝምና ሲያሰጋው ከወላጆቹ ጋር ተመካክሮ ሐኪም ጋ ይወስደዋል። ጸሎትና ሕክምና እንደማይጣሉ በግልጽ የሚናገር አገልጋይ ብዙ ልጆች ይድኑበታል።

ሌላው ሰፊ ሥራ የቅድመ ጋብቻ ምክር ነው። ብዙ አጥቢያዎች እጮኛሞች ከሠርጋቸው በፊት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እንዲማሩና የደም ምርመራ እንዲያደርጉ ይጠይቃሉ። ከክፍለ ጊዜዎቹ አንዱ ስለ ገንዘብ ነው። ልምድ ያለው አገልጋይ ለሁለቱም ወረቀት ይሰጥና ከጋብቻ በኋላ በወር የሚያወጡትን ለየብቻ እንዲጽፉ ያደርጋል። ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርት፣ ዕቁብ፣ አሥራት ይጻፋል። ወረቀቶቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ለምሳሌ፣ እሷ በየወሩ ለእናቷ የምትልከውን ጽፋለች፤ በእሱ ወረቀት ላይ ግን የለም። እሱ ደግሞ የታናሽ ወንድሙን የኮሌጅ ክፍያ ጽፏል፤ እሷ ሰምታም አታውቅም። የዚያ ቀን ትምህርት ከዚህ ይጀምራል። ስለ ሁለቱ ቤተሰብ፣ አንዳንዴም ስለ ብሔር፣ በሠርግ ማግሥት ሊፈነዳ የነበረው ነገር ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ሁለቱ ገና በሚተሳሰቡበት ሰዓት ይነሣል።

ቤቱ

የወጣቶች ፓስተር ቤተሰብ አስቸጋሪ የጊዜ ሰሌዳ አለው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚያርፉት ቅዳሜና እሑድ ነው፤ የእሱ ዋና የሥራ ቀን ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ነው። ቅዳሜ ሠርግ ካለ ጠዋቱም ይሄዳል። ሰኞ ዕረፍቱ ነው ቢባልም ሰኞ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አባትና ልጅ ሳምንቱን ሙሉ በእንቅልፍ ሰዓት ብቻ ሊገናኙ ይችላሉ።

ሚስቱ ማንም ሳይቀጥራት ሥራ ላይ ናት። እንግዳ ይመጣል፣ ሻይ ይፈላል፣ ቆሎ ይቀርባል። ሴት ልጆች ለፓስተሩ ሊነግሩት የማይችሉትን ለእሷ ይነግሯታል፤ ጓዳ ገብተው ሽንኩርት እየከተፉላት ያለቅሳሉ። እሷ የራሷ ሥራ፣ የራሷ ድካም፣ የራሷ ጥሪ ያላት ሴት ናት። ይሁንና ባሏ የሰማውን ምሥጢር አይነግራትም፤ ምን እንደከበደው ሳታውቅ ከብዶት ሲገባ ትቀበለዋለች። ልጆቻቸውም «የፓስተር ልጅ» የሚለው ስም ገና በልጅነታቸው ይለጠፍባቸዋል። ሌላው ልጅ ቢረብሽ ልጅ ነው ይባላል፤ እነሱ ሲረብሹ የአባታቸው ስም ይነሣል።

ገንዘቡም አለ። የቤት ኪራይ በየጊዜው በሚጨምርበት ከተማ የአገልጋይ ደመወዝ ተከትሎ አይጨምርም። እሱ ያስተማራቸው ልጆች ተመርቀው በሁለት ዓመት ውስጥ ከእሱ የተሻለ ሲያገኙ ደስ ይለዋል፤ ሆኖም የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ከየት እንደሚያመጣ ሌሊት ያስባል።

ይህን የተረዱ ጥንዶች ለቤታቸው ሥርዓት ያበጃሉ። በሳምንት አንድ ማታ ስልክ ይዘጋል፤ አስቸኳይ ነገር ካለ የሚደወልለት ሌላ የወጣቶች መሪ ተወክሏል። ሴት ልጅን ብቻዋን በዝግ ክፍል መምከር የለም፤ ወይ ሚስቱ ትኖራለች ወይ በሩ ክፍት ይሆናል። ይህ ለልጅቷም ለእሱም ጥበቃ ነው። የዕረፍት ቀኑንም ከልጆቹ ጋር ለማገናኘት ሰኞን ትቶ ከትምህርት ቤት የሚወስድበትን የከሰዓት በኋላ ጊዜ የሚይዝ አለ።

ባሕር ማዶ

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ባሉ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት ሥራው ሌላ መልክ አለው። ወላጆች በዋናው አዳራሽ በአማርኛ ያመልካሉ፤ እዚያ ተወልደው ያደጉት ልጆች በሌላ ክፍል በእንግሊዝኛ ይማራሉ። የወጣቶች ፓስተሩ በሁለቱ መካከል ይቆማል። አባት ልጁ ዝም ሲል ንቀት ይመስለዋል፤ ልጅ የአባቱ ቁጣ ጥላቻ ይመስለዋል። ሁለት ፈረቃ የሚሠራው አባት የሚደክመው ለማን እንደሆነ ለልጁ፣ ልጁ በትምህርት ቤቱ ምን እንደሚገጥመው ለአባቱ ማስረዳት የፓስተሩ ፋንታ ይሆናል።

ለአጥቢያዎችና ለወላጆች

በብዙ አጥቢያዎች የወጣቶች አገልግሎት ወደ ዋናው መድረክ መሸጋገሪያ ተደርጎ ይታያል። አገልጋዩ ልጆቹን ለማወቅ ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈጅበታል፤ ባወቃቸው ማግሥት ወደ ሌላ ዘርፍ ይዛወራል። ምሥጢሩን የነገረው ልጅ ለአዲሱ ሰው እንደገና አይነግርም። ይህ አሠራር መቆም አለበት። ለዚህ ሥራ ጸጋ ያለው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢሠራው ክብር እንጂ ወደ ኋላ መቅረት አይደለም።

ሽማግሌዎች ሆይ፣ ደመወዙን ከከተማው ኑሮ ጋር አስተያዩ፤ የምክር አገልግሎት ሥልጠና ክፈሉለት፤ በወር አንድ ቅዳሜ ከራሱ ልጆች ጋር እንዲውል ፍቀዱለት፣ መድረኩንም በዚያ ቀን ከወጣቶቹ ለአንዱ ስጡ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን የሚመክረውን ሰው በስሙ እወቁት፤ ቤታችሁ ጥሩት፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር። ወጣቶችም፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ የራሳችሁን ጉዳይ ከማንሣታችሁ በፊት «ፓስተር፣ አንተስ እንዴት ነህ?» በሉት፤ መልሱንም እስኪጨርስ ስሙት።