ቻይኮቭስኪና የታመመችው አሻንጉሊት

የሩሲያው የሙዚቃ ደራሲ ፒዮትር ኢሊች ቻይኮቭስኪ (1840—1893) ስሙ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሱት ሲምፎኒዎቹ፣ ባሌቶቹና የመጀመሪያው የፒያኖ ኮንሰርቶው ናቸው። ይኸው ሰው ለፒያኖ ብቻ መቶ ያህል አጫጭር ድርሰቶች መጻፉን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ከነዚህም መካከል ስለ አንዲት አሻንጉሊት የሚናገሩት ሦስቱ የተጻፉት ደራሲው በሕይወቱ እጅግ ከተጨነቀበት ዘመን ገና በመውጣት ላይ ሳለ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

የጭንቁ መነሻ ጋብቻ ነው። ቻይኮቭስኪ ያስተምርበት በነበረው በሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ተማሪ የነበረች አንቶኒና ሚልዩኮቫ የምትባል ወጣት፣ በ1877 ዓ.ም. ፍቅሯን የሚገልጹ ደብዳቤዎች ላከችለት። እርሱ ከሴት ጋር በትዳር ለመኖር የሚያበቃ ስሜት እንዳልነበረው ከወንድሞቹ ጋር ከተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች እንረዳለን። ይሁን እንጂ ሐሜትን ለማስቀረትና የቤተሰቡን ልብ ለማሳረፍ ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሮ ለማግባት ቆርጦ ነበር። እንደማይወዳት፣ ነገር ግን ታማኝ ወዳጅ እንደሚሆናት ለልጅቷ ነገራት፤ እርሷም ተስማማች። በጁላይ 18 ቀን 1877 ተጋቡ።

ትዳሩ ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም። ከዚያም ውስጥ አብረው የኖሩት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሲሆን፣ መንፈሱ የታወከው ቻይኮቭስኪ መጀመሪያ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሸሸ፤ ቀጥሎም ወንድሙ አናቶሊ ይዞት ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ። ብዙ ጸሐፊዎች ለዘመናት ጥፋቱን ሁሉ በአንቶኒና ላይ ሲጭኑ ኖረዋል። ይህ ፍርድ የተስተካከለ አይመስልም፤ የማይወዳትን ልጅ ወደ ቤቱ ያስገባው እርሱ ነውና። በሕግ ሳይፋቱ እንደተለያዩ ቀሩ። እርሷም የመጨረሻዎቹን ሃያ ዓመታት ያህል በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አሳልፋ በ1917 ዓ.ም. ሞተች።

ደራሲውን ከችግር ያወጣችው ናዴዥዳ ፎን ሜክ የተባለች ባለጠጋ መበለት ነበረች። በዓመት 6,000 ሩብል ትሰጠው ነበር፤ የጠየቀችው ግዴታ ግን እንግዳ ነገር ነው፤ ፊት ለፊት እንዳይገናኙ። ወዳጅነታቸው በደብዳቤ ብቻ እስከ 1890 ዓ.ም. ዘለቀ። በዚሁ ርዳታ በውጭ አገር ሳለ አራተኛውን ሲምፎኒና «ዬቭጌኒ ኦኔጊን» የተሰኘውን ኦፔራ ፈጸመ። በ1878 ዓ.ም. በክላራንስ አንድ ትልቅ የፒያኖ ሶናታ ቢጀምርም ሥራው አልሰምርለት ስላለ ለጊዜው አቆየው፤ በምትኩም የቫዮሊን ኮንሰርቶውን በፍጥነት ጻፈ። ሶናታው በኋላ ተፈጽሟል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚፈጅ፣ ድምፁ የገዘፈ ሥራ ነው፤ ዛሬም እምብዛም አይሰማም።

በዚሁ ዓመት ጸደይ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በዩክሬን ውስጥ በካሜንካ ከምትኖረው ከእኅቱ ከአሌክሳንድራ ዘንድ ተቀመጠ። ቤቱ በልጆች የተሞላ ነበር። በግንቦት ወር 24 አጫጭር ድርሰቶችን የያዘውን «የልጆች አልበም» እዚያው ነደፈ፤ ሥራውንም ገና ሰባት ዓመት ላልሞላው ለእኅቱ ልጅ ለቭላድሚር አበረከተ። ጀርመናዊው ሹማን በ1848 ዓ.ም. ለልጆች የጻፈውን አልበም አርአያ ማድረጉን ራሱ በርእሱ ላይ አመልክቷል።

ስድስተኛው ድርሰት «የታመመችው አሻንጉሊት» ይባላል። የዜማው ድምፆች እየተቆራረጡ፣ በመካከላቸው ዝምታ እየገባ ይሄዳሉ፤ ትንፋሽ ያጠረው ሕመምተኛ የሚናገር ይመስላል። ሰባተኛው የአሻንጉሊቷ ቀብር ነው፤ እንደ እውነተኛ የለቅሶ ማርሽ በዝግታ ይራመዳል፤ በልጅ ኀዘን ላይ የማሾፍ ምልክት አይገኝበትም። ከዚያ አንድ ቫልስ ጣልቃ ይገባና ዘጠነኛው፣ «አዲሲቷ አሻንጉሊት»፣ በደስታ እየተጣደፈ ይመጣል፤ ተጀመረ ሲባል ያልቃል። ለሕመም የተሰጠው ጊዜ ለደስታ ከተሰጠው ይበልጣል። ይህ ከደራሲው የዚያ ዓመት ኑሮ የመጣ ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። እንዲያውም ከስድስቱና ከሰባቱ ርእሶች ውጭ አብዛኛው አልበም ጨዋታ፣ ጭፈራና የልዩ ልዩ አገሮች ዜማ ነው። ቢሆንም፣ ከበሽታ ያገገመ ሰው የበሽታን ነገር አሳምሮ ማወቁ አይካድም።

ድርሰቶቹ ለጀማሪ ጣቶች የተጻፉ በመሆናቸው ብዙ ሰዎች የልጆች መለማመጃ አድርገው ያልፏቸዋል። ቻይኮቭስኪ ግን የእኅቱን ልጅ አልረሳውም። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት የጻፈውን ስድስተኛውን ሲምፎኒ ያበረከተው ያን ጊዜ ጎልማሳ ለሆነው ለዚሁ ለቭላድሚር ነው።