«ምን ነካው?»፤ በሊበን ገጠር ስለ አእምሮ ሕመም የሚታሰበውና በምርመራ የታወቀው

በምዕራብ ጎጃም፣ በሊበን ገጠር አንድ ጎልማሳ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ሲሰማው፣ ጎረቤቱን ያለ ምክንያት ሲጠረጥርና ሞፈር ቀንበሩን ጥሎ በየዱሩ ሲያድር ቤተ ዘመዱ «ምን ነካው?» ይላል። ጥያቄው ራሱ ግማሽ መልስ ነው፤ ሕመሙ ከውጭ መጥቶ ሰውየውን የነካ ነገር ነው ማለት ነውና። የነካውም ጋኔን፣ ዛር፣ ቡዳ ወይም መተት ነው ይባላል። እንደሚሰጠውም ስም መንገዱ ይለያያል፤ ጋኔን ከሆነ ወደ ጠበል፣ ዛር ከሆነ ወደ ባለ ዛር፣ መተት ከሆነ መተት ወደሚፈታ ደብተራ ይወሰዳል። ሐኪም ቤት ብዙ ጊዜ የሚታሰበው እነዚህ ሁሉ ከተሞከሩ በኋላ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሐኪሞች ሳይኮሲስ የሚሉት ሕመም ምን እንደ ሆነ፣ በአገራችን ገጠር የተደረገውም ምርመራ ምን እንዳስተማረ በአጭሩ ማስረዳት ነው። ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሳይኮሲስ ሰው በእውን ያለውንና የሌለውን ለይቶ ማወቅ የሚሳነው ሁኔታ ነው። ከብዙ ምክንያት ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ የአንድ በሽታ ብቻ ስም አይደለም። በቆላው ወባ ወደ አንጎል ሲወጣ ሰውን ያስቀባዥራል፤ ይህ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መታከም ያለበት ነውና ትኩሳት ያለበትን ሰው አስቀድሞ ለወባ ማስመርመር ይገባል። ለብዙ ዓመት የሚቆየውና ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ግን ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ነው፤ ስሙን በ1908 ያወጣው የስዊስ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ነው።

ሕመሙ በሰው ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት ሺቲጅ ካፑር የተባለ ሐኪም በ2003 ያቀረበው አሳብ ጠቃሚ ነው። በአንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር አለ። ከሥራዎቹም አንዱ በዙሪያችን ካለው ብዙ ነገር መካከል «ይህኛው ያገባሃል፤ ልብ በል» ብሎ ማመልከት ነው። ይህ ምልክት ያለ መጠን ሲበዛ በቡሬ ገበያ ያለ እንግዳ ሰው ሳል፣ የቁራ ጩኸት፣ የነጋዴዎች ሹክሹክታ ሁሉ ለበሽተኛው የተላከ መልእክት ይመስለዋል። እርሱም እንደ ማንኛውም ሰው ለደረሰበት ነገር ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያቱንም የሚያገኘው ከአገሩ ቃል ነው። አውሮፓዊው «በራዲዮ ይከታተሉኛል» ሲል የጎጃሙ ሰው «መተት አደረጉብኝ» ይላል። በ1952 በፓሪስ ሐኪሞች በሥራ ላይ የዋለው ክሎርፕሮማዚንና ከእርሱ በኋላ የመጡት መድኃኒቶች የምልክቱን ኃይል ያበርዳሉ፤ አስቀድሞ የተተከለው እምነት ግን ወዲያው አይነቀልም። ስለዚህ ከመድኃኒቱ ጋር በትዕግሥት መነጋገር ያስፈልጋል።

የአገር ልማድ የሕመሙን መልክ እንደሚለውጥ ታንያ ሉርማን የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ሰብእ ሊቅ ከባልንጀሮቻቸው ጋር በ2015 አሳይተዋል። በካሊፎርኒያ፣ በጋና አክራና በሕንድ ቼናይ ከየቦታው 20 ድምፅ የሚሰሙ ሕሙማንን ጠየቁ። አሜሪካውያኑ አብዛኛውን ጊዜ ክፉና የማያውቁት ድምፅ ሲሰሙ፣ ከአክራዎቹ ብዙዎቹ የእግዚአብሔርን፣ ከቼናዮቹም ብዙዎቹ የዘመዶቻቸውን ድምፅ እንደሚሰሙ ተናገሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ሚሼል ሌሪስ በ1932 በጎንደር ያዩትንና በ1958 በመጽሐፍ ያወጡትን፣ ሳይመን መሲንግም በዚያው በ1958 የጻፉትን የዛር ሥርዓት ያነበበ ሰው ዛር ሁሉ እብደት ነው እንዳይል። ዛር የሰፈረበት ሰው በሥርዓቱ ጊዜ ያጓራል፣ ይጨፍራል፤ ሲያበቃ ግን ወደ ሥራው ይመለሳል። በሳይኮሲስ የተያዘው ግን ሥርዓቱ ካለፈ በኋላም አይመለስም። ባላገሩም ይህን ልዩነት ያውቀዋል።

ይህ የባላገሩ ዕውቀት በምርመራ ተፈትኗል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በምትገኘው በቡታጅራ፣ እንደ ሊበን ሁሉ ገበሬ በሚበዛበት አገር፣ ከ1998 እስከ 2001 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠየቁ። ከዚህም በላይ አገሩን የሚያውቁ ሰዎች በመንደራቸው የታመመውን እንዲጠቁሙ ተደረገ። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን በማግኘት ረገድ የአገሬው ጠቋሚዎች ከተጻፈው መጠይቅ የተሻሉ ሆኑ። 321 ሰዎች ስኪዞፍሬኒያ እንዳለባቸው ታወቀ፤ ይኸውም ከ1,000 ሰው 4.7 ያህል ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ወደ አእምሮ ሕክምና ከቶ ደርሰው አያውቁም ነበር።

«እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን» የሚለው ተረት ግን ከምርመራው ጋር አልተስማማም። በሽተኞቹን በየወሩ እያዩ ከ3 ዓመት በላይ ሲከታተሏቸው፣ ሳያቋርጥ የታመመው ከ3 አንድ አይሞላም ነበር፤ የአብዛኛው ሕመም እየመጣ የሚሄድ ነበር። በመጨረሻው ዓመትም 27.4 ከመቶ የሚሆኑት ቢያንስ ለአንድ ወር ምልክቱ ሁሉ ጠፍቶላቸው ተገኝተዋል።

ይሁን እንጂ በዚህ መጽናናት አይቻልም። በዚያው አገር ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለው ጥናት በ2015 ሲታተም 121 ሰዎች መሞታቸውን፣ ዕድሜያቸውም ወደ 30 ዓመት ገደማ መቀጨቱን ገልጿል። ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደለው ሊታከም የሚችል ተላላፊ በሽታ ነው። እብደት ብቻውን እንዲህ አይገድልም፤ የሚገድለው ረኃብ፣ ብርድ፣ «እብድ ነው» ተብሎ ሳልና ትኩሳቱ ሳይታይለት መቅረቱ ነው።

የቤተ ዘመዱም መከራ ቀላል አይደለም። በቡታጅራ ከተጠየቁት 178 ዘመዶች 75 ከመቶ የሚሆኑት በሕመሙ ምክንያት እንደ ተናቁ ተናግረዋል፤ 37 ከመቶው ሕመምተኛ እንዳላቸው ለመደበቅ ይሹ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እየተባለ እንኳ ኀፍረት ያሸንፋል። ስለ ሰንሰለቱም ቢሆን በጉራጌ ሶዶ ወረዳ በ2017 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ዘመድ ልጁን የሚያስረው ከጭካኔ ተነሥቶ አይደለም፤ ሌላ መላ ስለሚያጣ፣ ልጁ በገደል እንዳይጠፋ፣ ሰውም እንዳይጎዳ ስለሚፈራ ነው። መላ የሰጡት ጊዜ ነገሩ ይለወጣል። በዚያው በሶዶ በ48 ንኡሳን ቀበሌዎች 166 ሕሙማን ተከፍለው፣ አንዱ ወገን በጤና ጣቢያ ብቻ ታከመ፤ ሌላው ግን ከዚህ በተጨማሪ ሐኪም ያልሆኑ፣ ሥልጠና የተሰጣቸው ሰዎች ቤቱ ድረስ እየሄዱ ቤተሰቡን መከሩ፣ ከዕድርና ከመንደሩ ሰው ጋር አስማሙት። በ2022 እንደ ታተመው ከ12 ወር በኋላ የሁለተኛው ወገን ሕሙማን ለኑሮና ለሥራ የተሻለ ችሎታ አገኙ።

ታዲያ ጠበሉስ? በሰከላ በአባይ ምንጭ በግሽ ዓባይ የአቡነ ዘርዓ ብሩክን ስም እየጠራ የሚጠመቀው ሕዝብ ተስፋ የሚያገኝበትን ቦታ መንቀፍ ከሐኪም አይጠበቅም። ጉዳቱ የሚመጣው ጠበል የሚጠጣ ሰው ኪኒኑን እንዲተው ሲነገረው ነው፤ መድኃኒቱን በድንገት የተወ ሰው ሕመሙ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ያገረሽበታልና። ካህኑ «ጠበልህን ጠጣ፣ መድኃኒትህንም ዋጥ» ቢል፣ ሐኪሙም «ጠበልህን አትተው» ቢል የሁለቱም ሥራ ይቀናል። ሕመሙ ከጋኔን ነው ወይስ ከአንጎል የሚለው ክርክር ሳያልቅ ሰው መታከም ይችላል።

ለሥነ ሰብእ ተማሪ የሚቀረው ሥራ እንግዲህ ግልጽ ነው። በሊበን የሚነገሩትን የሕመም ስሞች፣ እያንዳንዱ ስም ወዴት እንደሚያስኬድ፣ በዚያም ስንት ወር እንደሚያስቆይ መዝግቦ ቢያቀርብ፣ የፍኖተ ሰላም ሐኪም በሽተኛው ገና ሳይከሳና እግሩን ሰንሰለት ሳይበላው በየትኛው ደጅ ላይ ሊያገኘው እንደሚችል ያውቃል።