ከዐርበኝነት ወደ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፦ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ

ከደጀን ተነሥቶ በብቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ ዲማ ጊዮርጊስንና ደብረ ወርቅን የመሰሉ ታላላቅ የቤተ ክህነት ትምህርት ማዕከላት ወደሚገኙበት አካባቢ ያደርሳል። በ1902 ዓ.ም. በጎዛምን እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በእነዚህ ጉባኤ ቤቶችና በደብረ ኤልያስ ተምረው፣ ዘመናዊ ትምህርትን በአዲስ አበባ ቀጠሉ።

ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር ከልዑል ራስ እምሩ ጦር ጋር ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። በሙያቸው ወታደር ሳይሆኑ መምህር ነበሩ። ግንባሩ ከተፈታ በኋላም ወደ ምዕራብ ከተጓዘው ጦር አልተለዩም። በ1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ፤ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ሰባት ዓመት ያህል ታሰሩ።

ከእስር ሲፈቱ በኢየሩሳሌም፣ በዋሽንግተን፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና በለንደን አገራቸውን ወክለዋል፤ የትምህርት ሚኒስትርም ነበሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለዳቸውን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው።

በ1960 ዓ.ም. የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኑ። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ይመረጡ ነበር፤ የሕግ መወሰኛውን አባላት ግን ንጉሠ ነገሥቱ በአገልግሎታቸው ከታወቁ ሰዎች መካከል ለስድስት ዓመት ይሾሙ ነበር። ስለዚህ ሐዲስ መቀመጫውን ያገኙት በሹመት እንጂ በሕዝብ ድምፅ አይደለም። የዛሬው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት በየአምስት ዓመቱ በሕዝብ ይመረጣሉ።

ልዩነቱ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር ያደጉበት አገር በዚያው ዓመት አሳይቷል። ፓርላማው ያጸደቀው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የሞጣ፣ የብቸናና የዳሞት ገበሬዎች ርስታችንን ሊያሳጣን ነው ብለው ሠጉና ዐመፁ። ጦርና አውሮፕላን ተላከባቸው፤ በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ሕጉ በሁለት ምክር ቤቶች ቢያልፍም ገበሬውን አላሳመነም ነበር።

ሐዲስ በ1966 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» የሚል ጽሑፍ አሳተሙ። ደርግ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሹመት ቢያቀርብላቸውም አልተቀበሉም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ።