5 ዋት ድምፅ፣ 280 ቮልት አደጋ፦ የቫልቭ ጊታር አምፕሊፋየር ቤት ውስጥ ለመሥራት ለሚያስብ

እንደሚታወቀው ዛሬ የምንጠቀምባቸው አምፕሊፋየሮች በአብዛኛው በትራንዚስተርና በአይሲ የተሠሩ ናቸው። ሆኖም ብዙ ጊታሪስቶች አሁንም የቫልቭ አምፕሊፋየር ይመርጣሉ። ቫልቭ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ሲግናሉን በአንዴ አይቆርጠውም፤ ቀስ እያለ ነው የሚጨፈልቀው። ጆሮ የሚወደው ሻካራ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ለአንድ ክፍል ቤት ደግሞ 5 ዋት ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል።

አሠራሩ

ሁለት ቫልቭ በቂ ነው። ኢ.ሲ.ሲ. 83 ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ ሲግናል ያጎላል፤ ኢ.ኤል. 84 ደግሞ ስፒከሩን ይነዳል። የእንግሊዙ ቮክስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሠራው ትንሹ ኤ.ሲ. 4 አምፕሊፋየርም ስፒከሩን የሚነዳው በአንድ ኢ.ኤል. 84 ነበር። ይህ ቫልቭ በ250 ቮልትና በ48 ሚሊአምፒር ሲሠራ ወደ 5200 ኦም የሚጠጋ ጭነት ይፈልጋል፤ ስፒከራችን ግን 8 ኦም ነው። ስለዚህ በመካከል 25 ለ 1 ገደማ የሆነ የውጤት ትራንስፎርመር ይገባል። ዲሲ ስለሚያልፍበት ኮሩ ላይ የአየር ክፍተት ሊኖረው ይገባል፤ ተራ የፓወር ትራንስፎርመር አይተካውም። ስፒከር ሳይገናኝ ማብራትም ትራንስፎርመሩን ያቃጥላል።

ፍጆታውስ? ለፍላመንት ብቻ 6.7 ዋት፣ ለአኖድ ወደ 13 ዋት ይሄዳል። 5 ዋት ድምፅ ለማግኘት ከ20 ዋት በላይ መክፈል ማለት ነው። በሶላር ባትሪ የሚጠቀም ሰው ይህን አስቀድሞ ያስላ።

አደጋው

ትንሽ ዋት ማለት ትንሽ አደጋ ማለት አይደለም። 200 ቮልት ኤሲ ተሬክቲፋይ ሆኖ ካፓሲተር ሲሞላ ወደ 280 ቮልት ይደርሳል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም እዚያው ሊቆይ ይችላል። ለዚህ መፍትሔው ርካሽ ነው። ካፓሲተሮቹ በድምሩ 100 ማይክሮፋራድ ከሆኑ 100 ኪሎኦም፣ 2 ዋት ሬዚስተር በትይዩ ይታሰር፤ በ50 ሴኮንድ ውስጥ ቮልቴጁ ወደ 2 ይወርዳል። ሬዚስተሩ ራሱ ሊበጠስ ስለሚችል ግን በቴስተር ሳይለኩ መንካት የለም።

ቦታም ለውጥ ያመጣል። ለምሳሌ የቡና መገኛ በመባል የምትታወቀውን ማንኪራን እንውሰድ። ካፋ ዝናባማና ጫካማ ነው። እርጥብ የአፈር ወለል ላይ በባዶ እግር የቆመ ሰው ደረቅ ጣውላ ላይ ጫማ አድርጎ ከቆመው ይልቅ ብዙ ከረንት ያሳልፋል። ስለዚህ ደረቅ ጣውላ፣ ደረቅ ጫማ፣ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ፣ አጠገብ ደግሞ ሶኬት መንቀል የሚችል ሰው ያስፈልጋል።

አሮጌ ሬዲዮ ፈትቶ አምፕሊፋየር ማድረግ የሚያምረው ሰው ደግሞ የቫልቮቹን ስም ያንብብ። ስማቸው በ«ዩ» የሚጀምር ከሆነ (ለምሳሌ ዩ.ኤል. 84) ሬዲዮው አብዛኛውን ጊዜ የፓወር ትራንስፎርመር የለውም፤ ሻሲው በቀጥታ ከ220 ቮልቱ መስመር ጋር ሊገናኝ ይችላል። የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ደግሞ በኬብሉ በኩል ከሻሲው ጋር የተያያዘ ነው። ክሩን የነካ መስመሩን ነካ ማለት ነው! እንዲህ ያለው ሬዲዮ ለጊታር አይሆንም። የምንሠራው አምፕሊፋየር መስመሩን የሚለይ ትራንስፎርመር፣ ፊውዝና ከሻሲው ጋር በብሎን የጠበቀ የኧርዝ ሽቦ ይኑረው። እነዚህ ሦስቱ ካልተሟሉ ሥራው አይጀመር።