ደስታ መሰል በሽታና የክትባቱ ፍተሻ በመንዝ ደጋ

ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ በሚደርሰው የመንዝና የግሼ ደጋ፣ ውርጭ እህሉን በሚያጠፋበት ዓመት የገበሬውን ቤት የሚደግፈው በግ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ላቱ የሰባ፣ ጠጉሩ ሻካራ የሆነው የመንዝ በግ ለሥጋውም፣ ባና ለሚሠራበት ጠጉሩም ይረባል፤ ይህን መንጋ ከሚያሳሱት ሕመሞች መካከል ደግሞ የሳንባ በሽታ ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል።

የሳንባ በሽታ በደፈናው አንድ ስም ይሰጠው እንጂ መንሥኤው ብዙ ነው። የሳንባ ትላትል አሉ፤ ፓስቱሬላ የሚባሉና በጤነኛ በግ አፍንጫና ጉሮሮ ተቀምጠው ብርድ፣ ረኃብ ወይም ረጅም ጉዞ ሰውነቱን እስኪያዳክመው የሚጠብቁ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ከቫይረሶቹ ደግሞ መንጋን በጅምላ በመጨረስ የሚታወቀው ደስታ መሰል በሽታን የሚያመጣው ነው። ይህ ቫይረስ ከሰው ኩፍኝና በክፉ ቀን ዘመን የአገሪቱን ከብት ከፈጀው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር መጥፋቱ ከታወጀው የደስታ በሽታ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። የታመመው እንስሳ ያተኩሰዋል፣ ዓይኑና አፍንጫው ይዝረከረካል፣ አፉ ይቆስላል፣ ያስቀምጠዋል፣ ያስለዋል፤ መከላከያው ስለሚዳከምም ፓስቱሬላ ተከትሎ ይገባና ሳንባውን ይጨርሰዋል። በመርሐቤቴ ወደ ጀማ ወንዝ በሚወርደው ቆላ የሚረባው ፍየልም ከዚህ በሽታ አያመልጥም፤ እንዲያውም ፍየል ብዙ ጊዜ ከበግ ይበልጥ ይጠቃል።

ክትባቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ናይጄሪያ ውስጥ ከተገኘ ቫይረስ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ቫይረሱ በሕዋሳት ላይ ደጋግሞ እየተራባ በሽታ የማምጣት ኃይሉን እንዲያጣ፣ የሰውነትን መከላከያ የመቀስቀስ ችሎታውን ግን እንዲይዝ ተደርጓል። ለኢትዮጵያ በቢሾፍቱ ይመረታል፤ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ፓንቫክም በዚያችው ከተማ ሆኖ ለአህጉሩ የሚቀርቡ ክትባቶችን ጥራት ይመረምራል። ምርመራው ባክቴሪያና ሻጋታ አለመኖሩን ከማረጋገጥ ይጀምርና የሕያው ቫይረሱን መጠን ወደ መለካት ይሻገራል። ቀጥሎ ጥቂት በጎችና ፍየሎች ከመደበኛው መቶ እጥፍ ተሰጥቷቸው ደኅንነቱ ይታያል፤ ሌሎቹ አንድ አሥረኛውን ብቻ ወስደው ብርታቱ ይፈተናል፣ ምክንያቱም በዚህ ቅንጣት የዳነ እንስሳ በሙሉው መጠን እንደሚድን አያጠራጥርም።

በቢሾፍቱ ያለፈ ክትባት በመንዝ ሠራ ማለት ግን አይደለም፤ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ የሚከብደውም ይህ ክፍል ነው። በቅዝቃዜ የደረቀው ክትባት ከፋብሪካ እስከ መሐል ሜዳና ራቤል ድረስ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ መጓዝ፣ ከተበጠበጠ በኋላም ቶሎ ማለቅ አለበት፤ የአገሩ ብርድ ማቀዝቀዣን አይተካም። ስለዚህ ከክትባቱ በፊትና ከሦስት እስከ አራት ሳምንት በኋላ ከተመረጡ በጎች ደም ይወሰዳል፤ የደሙ ውሃ ከቫይረሱ ጋር ተቀላቅሎ ሕዋሳት ላይ ሲጨመር ሕዋሳቱ ካልሞቱ ፀረ እንግዳ አካላት ተፈጥረዋል ማለት ነው። ክትባት የፈጠራቸውን ፀረ እንግዳ አካላት በሽታው ካመጣቸው ለይቶ ማወቅ ስለማይቻል፣ የፊተኛው ደም ካልተወሰደ የኋለኛው ብቻውን ምስክር አይሆንም። ከተከተበች እናት የተወለደ ግልገልም የእናቱ መከላከያ እስኪያልቅ፣ ማለትም እስከ አራት ወር ገደማ፣ ክትባቱ ላይይዘው ይችላል።

የተከተበ በግ አስሎት ሲሞት «ክትባቱ ከንቱ ነው» የሚለው ፍርድ እንግዲህ የችኮላ ነው፤ የደስታ መሰል ክትባት ፓስቱሬላንም ሆነ የሳንባ ትልን አይከላከልምና። ገዳዩ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከሳንባውና ከአፍንጫው ፈሳሽ በሚወሰድ ናሙና ስለሆነ፣ አርቢው የሞተውን በግ ከመቅበሩ በፊት በአቅራቢያው ላለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሊያሳውቅ፣ የቀረውንም መንጋ ውጤቱ እስኪታወቅ ወደ ገበያ ከማውጣት ሊታቀብ ይገባል።