ሰነድ ማስረከብና መብት ማስረከብ

አንድ ኩባንያ ዕዳውን መክፈል ተስኖት ሲፈርስ አጣሪ ይሾምለታል። የአጣሪው ተግባር ንብረቱን መሰብሰብ፣ መሸጥና ገንዘቡን በሕግ በተወሰነው ቅደም ተከተል ማከፋፈል ነው። ለዚህ ሁሉ መነሻው ሰነድ ነው። ሰነዱ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመያዣ ባበደረው ባንክ ወይም ሒሳቡ ባልተከፈለው ባለሙያ እጅ ነው። ታዲያ የማስረከብ ግዴታ አለባቸውን? የእንግሊዝ ሕግ ጉዳዩን በግልጽ ለይቶ ስላስቀመጠው እርሱን በምሳሌነት እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የእንግሊዝ የኪሳራ ሕግ በቁጥር 246 ሰነዶችን በሁለት ይከፍላል።

አንደኛ፦ የኩባንያው የሒሳብ መዝገቦች፣ ደብዳቤዎችና ሌሎች ወረቀቶች። የያዛቸው ሰው «ያልተከፈለኝ ገንዘብ አለ» በማለት ከአጣሪው ሊከለክላቸው አይችልም።

ሁለተኛ፦ የንብረት ባለቤትነት የሚያረጋግጡና ለዚሁ ሲባል የተያዙ ሰነዶች። በነዚህ ላይ የያዡ መብት ይጠበቃል።

ልዩነቱ ያለምክንያት አልተደረገም። የሒሳብ መዝገብ ተሽጦ ገንዘብ አያወጣም፤ ጥቅሙ በሚሰጠው መረጃ ነው። ከተደበቀ ለኩባንያው ዕዳ ያለበት ማን እንደሆነ አይታወቅም። ጉዳቱም ደመወዙን በሚጠብቀው ሠራተኛና ዕቃውን በዱቤ በሰጠው አነስተኛ ነጋዴ ላይ ይወድቃል።

በሌላ በኩል ባለመያዣው የብድርና የመያዣ ውሉን ቅጂ ለአጣሪው በማቅረቡ መብቱን አያጣም፤ እንዲያውም ጥያቄውን ያስረዳለታል። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ባንክ 900,000 ብር ቢጠይቅና በመያዣ የያዘው ሕንፃ 700,000 ብር ቢሸጥ፣ ለቀረው 200,000 ብር የሚሰለፈው ከተራ ገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ነው። ይህን ቀሪ የሚያስረዳለት ያቀረበው ሰነድ ነው።

በአገራችንም ወረቀት መያዝ ብቻውን መብት አይሆንም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3052 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ የሚጸናው ከተመዘገበበት ቀን አንሥቶ ነው። ስለሆነም የቤቱን ካርታ በካዝና ቆልፎ መያዣውን ያላስመዘገበ አበዳሪ ቅድሚያ ይገባኛል ሊል አይችልም።

ዋናው ሰነድ ሲሰጥ ግን ጥንቃቄ ያሻል። እያንዳንዱ ሰነድ በዝርዝር ተጽፎ፣ የገጹ ብዛት ተመልክቶ፣ አስረካቢና ተረካቢ ሊፈርሙበት ይገባል።

መምህራን በክፍል ውስጥ የብድር ውል፣ ካርታ፣ የደመወዝ መዝገብና ደረሰኝ በሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ ተማሪዎች የትኛው መረጃ ብቻ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ባለቤትነት እንደሚያረጋግጥ ከነምክንያቱ እንዲለዩ ቢያደርጉ ትምህርቱ ይበልጥ ይጨበጣል ብለን እናምናለን።