አልንሸራተት ያለ መሳቢያ፦ ከዘይቱ በፊት መንስኤው

የአሮጌ ጠረጴዛ ወይም የፋይል ካቢኔት መሳቢያ አልከፈት ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ ዘይት ያፈስበታል፤ ዘይቱ ካልረዳ በጉልበት ይጎትተዋል፤ በመጨረሻም ዕቃው አርጅቷል ተብሎ ይጣላል። ይህ ልማድ ብዙ ደህና ዕቃ ያለጊዜው ያስጥላል። የተጣበቀ የብረት ሀዲድ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ የሚድነው ግን መንስኤው ተለይቶ ለዚያ የሚስማማ መፍትሔ ሲሰጠው ነው።

በብዛት የሚታዩት ሀዲዶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በናይለን ጎማ የሚሽከረከር ነው፤ ጎማው ሲሰነጠቅ ወይም ፀጉርና ክር ሲጠመጠምበት መዞሩን ትቶ ይጎተታል። ሁለተኛው ባለ ኩሽኔታ ነው፤ እርስ በርስ በሚገቡ ቆርቆሮዎች መካከል ትንንሽ የብረት ኳሶች በቀጭን ማቀፊያ ተይዘው ይሽከረከራሉ። በዚህኛው የቆየ ግራሶ ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሙጫ ይደርቃል። ዝገትም ከበላው ብረት የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ ጠባቡን ክፍተት ይዘጋዋል። አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ ከሀዲዱ ውጭ ነው፤ የላላ ብሎን ራሱን አውጥቶ መንገዱን ይዘጋል፣ እርጥበት የጠጣ ቺፕውድ አብጦ ሀዲዱን ይጨምቃል። ጎን ላይ የሚታሰር የተለመደ ባለ ኩሽኔታ ሀዲድ በየጎኑ 12.7 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይፈልጋል፤ ክፍተቱ ከጠበበ የትኛውም ዘይት አይፈታውም።

ስለዚህ ሥራው መሳቢያውን ባዶ አድርጎ ከማውጣት ይጀምራል። ባለ ጎማው እስከ መጨረሻው ተስቦ ፊቱን ወደ ላይ ሲያነሡት ይወጣል። በብዙ ባለ ኩሽኔታዎች ላይ ደግሞ በሁለቱም ጎን ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ አለ፤ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ተጭኖ ይለቃል። ከወጣ በኋላ የተፋቀ፣ የሚያብረቀርቅ መስመር ከታየ የሚነካካው እዚያ ነው። የደረቀ ግራሶ ከእሳት ርቆ፣ አየር ባለበት ቦታ፣ በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይለቃል። ዝገት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይነሣል። ኮምጣጤም ዝገትን ያሟሟል፤ ነገር ግን ሀዲዱን ከዝገት የሚጠብቀውን የዚንክ ሽፋንም ስለሚበላ ብዙ ሊቆይበት አይገባም። ለኩሽኔታው ጥቂት አዲስ ግራሶ የሚቀባው ብረቱ ጸድቶ ከደረቀ በኋላ ነው።

«ዘይት ቀብቼው ወዲያው ተከፈተ» የሚል ክርክር ይነሣል፤ እውነት ነው፣ ይከፈታል። በ1953 እ.ኤ.አ. በሳንዲያጎ የተሠራው ደብልዩ ዲ-40 የተባለው ፈሳሽ ለምሳሌ ውኃን ለማስወገድና ዝገትን ለመከላከል የታሰበ ነበር፤ የተጣበቀን ለማላቀቅም ይረዳል። ነገር ግን ያላላውን ቆሻሻ እዚያው ይተወዋል፤ የሚቀረው ስስ ዘይትም አዲስ አቧራ ይይዛል። ለማላቀቂያ ያገለግላል፣ ጽዳትን ግን አይተካም። «አዲስ ሀዲድ መግዛት ይቀላል» የሚሉም አሉ። ኳሶቹ ከረገፉ ወይም ቆርቆሮው ከተጣመመ ትክክል ናቸው። ያለዚያ ግን የአዲሱ ርዝመት፣ ውፍረትና የብሎን ቀዳዳ ከአሮጌው ዕቃ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ እንጨቱንም እንደገና መብሳት ያዳክመዋል። መቀየር ተገቢ የሚሆነው ተፈትቶ፣ ታይቶና ጸድቶ አሁንም እንቢ ሲል ነው።